ማይክ ፖርትኖይ ድሪም ቲያትርን ለቀቀ

ልጅ ከሳሪስ (ጳጉሜ 4 ቀን 2002)

ሰላም ወገን። ዜናውን የሰማ አለ? ድራመሩ ማይክ ፖርትኖይ ከሜታል ባንዱ ከድሪም ቲያትር ወጥቷል። የወሬ ወሬ አይደለም፤ ትናንት ራሱ ነው የጻፈው።

እኔ ያየሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ሰፈራችን ያለው ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ኢሜይሌን ስከፍት ጓደኛዬ ሊንኩን ልኮልኛል። መስመሩ ቀርፋፋ ነበር። መጀመሪያ ርዕሱ መጣ። ከዚያ ፎቶው ከላይ ወደ ታች እየተጎተተ ወረደ። ጺሙ ላይ ሲደርስ ጽሑፉን ሳላነብ ገባኝ። ውጪ ዶፍ ይዘንባል። ትናንት ሩፋኤል ስለነበር የሰፈር ልጆች ዝናብ ላይ ሲጨፍሩ ነው የዋሉት፤ ዛሬም አላባራም። ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ጃንጥላዬን እዚያው ረስቼ መምጣቴን ያወቅኩት ቤት ስደርስ ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አልበሞቹን የምናውቃቸው በዚያ ነውና። ፖርትኖይ፣ ጊታሪስቱ ጆን ፔትሩቺና ቤዚስቱ ጆን ማያንግ ባንዱን የመሠረቱት በ1985 ቦስተን ውስጥ የበርክሊ ሙዚቃ ኮሌጅ ተማሪ እያሉ ነው። ያኔ ስሙ ማጀስቲ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፃዊ ተቀይሯል። ኪቦርዲስትም አሁን ሦስተኛው ላይ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ግን ከቦታቸው ተነቃንቀው አያውቁም። 25 ዓመት ሙሉ!

አሁን ፖርትኖይ የሚለው ደክሞናል፣ ትንሽ እንረፍ፣ እንነፋፈቅ ነው። ሌሎቹ አልተስማሙም። በቅርቡ ከሌሎች ባንዶች ጋር የሠራው ሥራ የበለጠ ደስታ እንደሰጠውም አልደበቀም። እነሱን ከማስቆም እኔ ልውጣ ብሎ ወጣ።

እኔ አልዋጥልኝ ብሏል። እናንተስ?

ጎዶሎ ምት (ጳጉሜ 4 ቀን 2002)

አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መጋረጃዬን መዝጋት ነው። ሰው እንዲያየኝ አልፈለግኩም።

እኔ ድራም መቺ ነኝ። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ነው። የጀመርኩት ግን ትራስ ላይ ነው። ያኔ ድራም መግዛት የማይታሰብ ነገር ነበር። ሁለት ትራስ፣ አንድ የቆርቆሮ ትሪ፣ ከመጥረጊያ እንጨት የተቆረጠ ስቲክ። የ1992ቱን አልበም ጎረቤታችን ካሴት ላይ ቀድቶ ሰጠኝ። አብሬው ስመታ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እስታለሁ። እኔ ወደ አንድ ስመለስ ባንዱ ቀድሞኝ ሄዷል። ካሴቱ የተበላሸ መስሎኝ በእርሳስ እያጠነጠንኩ ደጋግሜ አዳመጥኩት። እማዬ ትሪዬን ለቡና ፈልጋ እስክትነጥቀኝ ድረስ።

ስንት ቀን ቆይቶ ነው ምቱ በሰባት የሚቆጠር መሆኑ የገባኝ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። ስምንተኛዋን እየጠበቅኩ ነበር የምስተው፤ ስምንተኛ ደግሞ የለችም።

የእኛ ችክችካ ስድስት ነው። አያቴ አንድም ቀን ቆጥራው አታውቅም፤ ግን ሰርግ ላይ አንዲት ጭብጨባ አትስትም። ሰውነቷ ያውቀዋል። ፖርትኖይ ሰባቱንም፣ አምስቱንም፣ ዘጠኙንም የሚመታው እንደዚያ ነው። ቁጥሩን አይሰጥህም፣ ውዝዋዜውን ነው የሚሰጥህ። ፈጣን ድራመር ሞልቷል። ጎዶሎውን ሙሉ አድርጎ የሚያሰማ ግን ስንቱ ነው?

ጥቁር ቲሸርት (ጳጉሜ 4 ቀን 2002)

ላስቀይማችሁ ነው፤ ግን የተሰማኝን ልናገር። እኔ አላዝንለትም። ይሄ ክህደት ነው። ሰው በገዛ እጁ ያቆመውን ቤት ጥሎ ጎረቤት ቤት ያድራል? ከሌላ ሜታል ባንድ፣ ከአቬንጅድ ሰቨንፎልድ ጋር አልበም ሠራ፣ አብሯቸው ቱር ወጣ፣ ብዙ ሕዝብ አየ፣ ልቡ ሸፈተ። እረፍት የፈለገ ሰው እቤቱ ይቀመጣል።

አሥር ዓመት ሙሉ ስሙን ደረቴ ላይ ለብሼ ዞሬያለሁ። መናደድ መብቴ ነው።

ልጅ ከሳሪስ (ጳጉሜ 4 ቀን 2002)

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን የዚያን አልበም ነገር ከሥሩ እንየው። የአቬንጅድ ሰቨንፎልድ ድራመር ጂሚ ሰሊቫን ባለፈው ዲሴምበር መጨረሻ በ28 ዓመቱ ሞተ። ልጁ ፖርትኖይን አብዝቶ ይወድ ነበር። ጓደኞቹ አልበሙን መቅዳት ሲኖርባቸው ሟቹ የሚወደውን ሰው ጠሩ። ለቅሶ ቤት ነው የሄደው። ለቅሶ ሊደርስ የሄደ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ሰልስት አልፎም እዚያው ይሰነብታል።

የድሮ ካሴት (ጳጉሜ 5 ቀን 2002)

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለእናንተ ሌሊት ሲሆን ነው የምጽፈው።

በዚህ ክረምት አይቻቸው ነበር። ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ከአይረን ሜይደን በፊት ነበር የሚጫወቱት። አብዛኛው ሰው የመጣው ለሜይደን ስለሆነ ገና ቢራ ለመግዛት ተሰልፏል። ጊዜያቸውም አጭር ነበር። ፖርትኖይ ግን ሕዝቡ በሙሉ የእሱ እንግዳ ይመስል ነበር። ከወንበሩ ተነስቶ ስቲኩን ሽቅብ ወርውሮ ይቀልባል። ባዶ ወንበሮቹን ሳይሆን የቆሙትን ጥቂቶች እያየ በእጁ ኑ ኑ ይላል። አንዴ ከሲምባሎቹ በላይ ብቅ ብሎ ፔትሩቺን በአገጩ ጠቆመው፤ ፔትሩቺ ራሱን ነቀነቀ፤ ወዲያው ሁለቱም እኩል ገቡ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ይሄን ማየቱንም እንጃ። እኔ ግን አየሁት። ያንን ለመተካት ስንት ዓመት ይፈጃል?

ጥቁር ቲሸርት፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እዚህ አገር በአንድ መሥሪያ ቤት 14 ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። እናቴ ስትታመም የሁለት ወር እረፍት ጠየቅኩ። ያለ ደመወዝ ነው የጠየቅኩት። አይሆንም አሉኝ። በማግስቱ ለቀቅኩ። ዘመድ ሁሉ አብዷል አለ። ሥራውን ጠልቼ አልነበረም። እንደዚያው መቀጠል ስላቃተኝ ነው። የፖርትኖይን ጽሑፍ ሳነብ ያቺ ሌሊት ናት የመጣችብኝ።

ሌሎቹንም ግን አልፈርድባቸውም። ከኋላቸው የሚያስተዳድሩት ቤተሰብ አለ፤ ከባንዱ ጋር የሚበላ ስንት ሠራተኛ አለ። አንዱ ስለደከመው ሁሉም ይቁም ማለት ከባድ ነው።

ጎዶሎ ምት (ጳጉሜ 5 ቀን 2002)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያዩትን አገጭ እኔ በዲቪዲ ነው የማውቀው፤ ግን አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፖርትኖይ ሲሄድ የሚጎድለው ድራም ብቻ አይደለም። የየማታውን የዘፈን ዝርዝር የሚያወጣው እሱ ነበር። አንድ ከተማ ሲገቡ ባለፈው ጊዜ እዚያ ምን እንደተጫወቱ ያያል፤ የመጣው ሰው ያንኑ ደግሞ እንዳይሰማ ይቀይረዋል። ከ1999ኙ አልበም ጀምሮ ፕሮዲዩሰሮቹ እሱና ፔትሩቺ ናቸው። ግጥም ይጽፋል፣ ከኋላ ሆኖ ይዘፍናል። የቆዩ ቅጂዎችን ለአድናቂው የሚያወጣ አንድ ለብቻው የቆመ ሌብል (አሳታሚ ድርጅት) አለው።

እኔ የምሠራበት ባንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለን። ማን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ የትኛው ገመድ እንደተበላሸ፣ የትኛው ዘፈን ለየትኛው እንግዳ እንደሚሆን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ታሞ ቀረ። ሁላችንም ሙዚቃውን እናውቃለን፤ ግን መድረኩ ላይ ወጥተን እርስ በርስ ተያየን። ማን ይጀምር?

ዛሬን ብቻ (ጳጉሜ 5 ቀን 2002)

እዚህ ብዙ ጊዜ አልጽፍም፤ አነባለሁ እንጂ። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጠጥ ካቆምኩ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ፖርትኖይም የነበረበት ነገር ነው። ከመጠጥ የወጣበትን መንገድ በአምስት ዘፈን ጽፎታል፤ በአምስት ተከታታይ አልበም፣ ከ2002 እስከ 2009። መጠጥ ለማቆም የሚሄዱባቸውን አሥራ ሁለቱን እርምጃ አንድ በአንድ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ይዤ ነው ቃል በቃል የፈታሁት።

ስምንተኛውና ዘጠነኛው እርምጃ የበደሉትን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ነው። በ2007ቱ አልበም ላይ ያለው ዘፈን መሐሉ ላይ ይረጋል። ከዚያ ሌሎች ሙዚቀኞች እየተቀባበሉ በገዛ ድምፃቸው ይቅርታ ይላሉ። አይዘፍኑም፤ ያወራሉ። እኔ ያን ክፍል ሰምቼ ወንድሜ ሱቅ ሄድኩ። ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። ደንበኛ እያስተናገደ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። የሰውየውን መልስ ቆጥሮ ከሰጠ በኋላ ወንበር ጎተተልኝ። ይኸው ነው።

የመጨረሻው ዘፈን ያለው አምና በወጣው አልበም ላይ ነው። እዚያው አልበም ላይ ለአባቱ የጻፈውም አለ። አባትየው በ2009 ጃንዩዋሪ ላይ በካንሰር ሞቱ። ድሪም ቲያትር የሚለውን ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ የነበረ የሲኒማ ቤት ስም ነው። አስቡት እንግዲህ። ስም ያወጡት አባት አረፉ። አሥራ ሁለቱ እርምጃ አለቀ። ሰውየው ለ25 ዓመት ተሸክሞት የነበረውን ነገር አስቀመጠው። እኔ በበኩሌ ከፋኝ እንጂ አልገረመኝም።

ጥቁር ቲሸርት (ጳጉሜ 5 ቀን 2002)

የአባቱን ነገር አላውቅም ነበር።

ንዴቴ አልወጣልኝም፤ ውሸት አልናገርም። ግን ትናንት የጻፍኩትን ክህደት የሚለውን ቃል አንሱልኝ።

ልጅ ከሳሪስ (ጳጉሜ 5 ቀን 2002)

ተነስቷል ወንድሜ። ነገ እንቁጣጣሽ ነው። እንኳን አደረሳችሁ፣ ጋሼም በሰው አገር። አዲሱ ዓመት አዲስ ድራመር ያሳየናል ማለት ነው።

ልጅ ከሳሪስ (ሚያዝያ 22 ቀን 2003)

ታወቀ! አዲሱ ድራመር ማይክ ማንጂኒ ነው።

ሰባት ሰው ነው ኒውዮርክ ጠርተው የፈተኑት። ቨርጂል ዶናቲ፣ ማርኮ ሚነማን፣ ቶማስ ላንግ፣ ፒተር ዊልዶር፣ አኪሌስ ፕሪስተር፣ ዴሪክ ሮዲ፣ ማንጂኒ። ፈተናው ላይ የሰጧቸው አንዱ ዘፈን ያ ምቱ ከ100 ጊዜ በላይ የሚቀያየረው የ1999ኙ ነው። ሁሉንም ቀርጸውታል፤ ቪዲዮው እየወጣ ነው፣ ያገኘ ይየው። ማንጂኒ በስልክ ተመርጠሃል ሲሉት አለቀሰ። የ48 ዓመት ሰው! እኔም አብሬው።

አስተማሪ እንደነበር ታውቃላችሁ? በርክሊ። ባንዱ የተወለደበት ኮሌጅ።

የድሮ ካሴት (ሚያዝያ 23 ቀን 2003)

እንኳን ደስ ያለው። የማስተማር ሥራውን ትቶ ነው የመጣው። እሱም የሚያጣው ነገር ነበረው።

ጎዶሎ ምት (መስከረም 8 ቀን 2004)

አዲሱን አልበም ሳምንቱን ሙሉ ስሰማው ሰነበትኩ። የሙያ ነገር ስለሆነ በጥሞና ልጻፈው።

ማንጂኒ እጁ ንጹሕ ነው። ቀኝና ግራው እኩል ናቸው፤ ይሄ ለድራመር ቀላል ነገር አይደለም። በፍጥነት ውድድር ላይ በደቂቃ ከ1,200 በላይ የመታ ሰው ነው። አንድም ቦታ አይሳሳትም። ግን የዚህ አልበም የድራም ክፍል የተጻፈው እሱ ከመግባቱ በፊት ነው። ፔትሩቺ ኮምፒውተር ላይ አዘጋጅቶ ጠበቀው፤ እሱ ደግሞ ተምሮ መታው። በሰው ድስት፣ በሰው ቅመም፣ ሰው በጀመረው ወጥ ማለት ነው። ስለዚህ ገና አልፈርድም። የራሱን ወጥ ሲሠራ እንቀምሳለን።

ፖርትኖይ ደግሞ መመለስ ጠይቆ ነበር፤ ራሱ ተናግሯል። ከአቬንጅድ ሰቨንፎልድ ጋር የነበረው ነገር ዲሴምበር ላይ አለቀ። ወደ ድሪም ቲያትር ልጆች ዞሮ እንመለስ ወይ ሲል እንቢ አሉት። ለማንጂኒ ቃል ገብተው ነበር።

ጥቁር ቲሸርት (መስከረም 8 ቀን 2004)

ዛሬ ነው በእውነት ያዘንኩለት። ወጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጧል። እነሱም ልክ ናቸው፤ ሰው ሥራውን አስትተው አምጥተው ተመለስ ሊሉት አይችሉም።

ጥቁር ቲሸርት (ጥቅምት 15 ቀን 2016)

ይሄን ውይይት ስፈልግ ነው ያመሸሁት። የቆዩት ሰዎች አላችሁ? ተመለሰ! ማይክ ፖርትኖይ ድሪም ቲያትር ተመልሷል። 13 ዓመት!

ደረቴ ላይ የነበረው ቲሸርት አልቆ የመኪና መወልወያ ሆኗል። ዛሬ ከቁም ሣጥን ሥር አንዱን እጅጌውን አገኘሁት።

ልጅ ከሳሪስ (ጥቅምት 15 ቀን 2016)

አለሁ! አሁን የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ዜናውን ስልኬ ላይ በአንድ ሰከንድ አየሁት፤ ያን የኢንተርኔት ቤት አስታወስኩ። አሁን ጫማ መሸጫ ነው።

በአንድ ቀን የመጣ ነገር አይደለም። በ2020 ፔትሩቺ ለብቻው አልበም ሲሠራ ድራሙን የመታው ፖርትኖይ ነው። በማግስቱ ዓመት ከኪቦርዲስቱ ከሩደስ ጋር ሆነው ሌላ ፕሮጀክታቸውን ቀጠሉ። በ2022 ባንዱ ኒውዮርክ ሲጫወት ተመልካች ሆኖ ገባ። ከድምፃዊው ከላብሪ ጋር የነበረው ቅሬታም ተፈታ። ቤተሰቡማ መቼ ተለያይቶ? የፖርትኖይ፣ የፔትሩቺና የማያንግ ሚስቶች ድሮ በአንድ የሴቶች ሜታል ባንድ አብረው የተጫወቱ ናቸው። ባሎቹ ሲኳረፉ ሴቶቹ ቡና አልተለያዩም ብዬ ነው የማምነው።

ጎዶሎ ምት (ጥቅምት 16 ቀን 2016)

ደስታዬ ወሰን የለውም። ግን አንድ ሰው እንዳንረሳ። ማንጂኒ አምስት አልበም መትቷል። ባንዱ የመጀመሪያውን ግራሚ ያገኘው በ2022 ነው፤ ድራም ላይ የተቀመጠው ማንጂኒ ነበር። በ13 ዓመት ውስጥ አንድም ሾው ያበላሸ አይመስለኝም። ሲወጣም በክብር ወጣ፤ ክፉ ቃል አልተነፈሰም።

በእኛ አቆጣጠር በ2004 ገና አልፈርድም ብዬ ነበር። አሁን ልፍረድ፦ የ2019ኙና የ2021ዱ አልበሞች የራሱ ወጥ ናቸው፤ ይጣፍጣሉ። ያን ጊዜ ቶሎ የነቀፉት ሰዎች ቢመለሱና ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ዛሬን ብቻ (ጥቅምት 16 ቀን 2016)

እዚህ ነኝ። 16 ዓመት ከ5 ወር። ወንድሜ ሱቅ ነው አሁን የምሠራው።

ጎዶሎ ምት (የካቲት 3 ቀን 2017)

አዲሱ አልበም ዓርብ ወጣ። 16ኛቸው ነው፤ ፖርትኖይ ከ2009 ወዲህ ከእነሱ ጋር የሠራው የመጀመሪያው።

አሁን ማታ ማታ መሥራቱን ቀንሼ አስተምራለሁ። አንዲት የ11 ዓመት ተማሪ አለችኝ። ቅዳሜ የአልበሙን አንድ ቦታ በስፒከር ከፍቼላት በትራስ ላይ አብረሽ ምቺ አልኳት። ትራስ ያልኩት የመለማመጃ ፓድ ጠፍቶ አይደለም፤ እንደዚያ እንድትጀምር ስለምወድ ነው። አንዴ ሄደች፣ ሁለቴ ሄደች፣ ሦስተኛው ላይ ቆመች። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ይዘላል እንዴ?» አለችኝ። አይዘልም፣ ስምንተኛዋን አትጠብቂያት አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ደገመችው። አምስተኛው ዙር ላይ ትከሻዋ መወዛወዝ ጀመረ። ያኔ ስፒከሩን ከፍ አደረግኩት።

ጋሼ የድሮ ካሴት፣ አሉ ወይ? የእርስዎን ድምፅ ከሰማን ቆየን።

የድሮ ካሴት (የካቲት 4 ቀን 2017)

አለሁ ልጄ። ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ለዚህ ጉዟቸው ትኬት ቆርጫለሁ፤ በዚህ ጊዜ የምትነዳው ልጄ ናት።

ለተማሪሽ ስቲክ ልላክላት። ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው አግኝቻለሁ። የትኛውን መጠን ነው የምትይዘው፣ 5ኤ ነው ወይስ ቀጭኑን 7ኤ?

ጎዶሎ ምት (የካቲት 4 ቀን 2017)

7ኤ ይሁንላት ጋሼ። እጇ ገና ትንሽ ነው።